ቄሶቹ ያልጠረጠሩት

ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያን አይሁድ፣ ወደ እስራኤል ያጓጓዙት የሙሴና የሰሎሞን ዘመቻዎች ሲነሡ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አውሮፕላኑን ነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ የተጓጓዘውን ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በሱዳን መንገድና መጠለያ ያለቁትን ወደ 4 ሺህ የሚገመቱ ነፍሳት። ከአውሮፕላን ከተወረደ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ያን ያህል አይወራለትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 (የቀሩት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በአይሁድ የበዓላት ሰሞን፣ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም ከዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት (ረባኑት) ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ገደማ ሰነበቱ። ረባኑቱ ጋብቻቸውን ለመመዝገብ አስቀድመው በውሃ እንዲጠልቁ ይጠይቅ ነበር። ይህም ለጥንቃቄ ያህል፣ ስለ አይሁድነታቸው ያለውን ጥርጣሬ ለማስወገድ ነው ተባለ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ጥርጣሬን ያስወግዳል የተባለው ውሃ ጥርጣሬ ያልነበረበት ቤት ውስጥ ጥርጣሬን አስገባ፤ ዛሬም በቤተ እስራኤል ወጣቶች ዘንድ የሚታየው የእምነት መናወጥ ከዚያ ውሃ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

የረቢዎቹ ጥያቄ ከንቀት ብቻ የመነጨ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ጥያቄው ረጅም የሕግ ታሪክ አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከሐበሻ ምድር በምርኮ ስለመጡ አይሁድ ተጠይቀው ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈርደዋል። ሆኖም ታልሙድን ስለማያውቁ ፍቺያቸው በሕጉ መሠረት የተፈጸመ ላይሆን ይችላል፤ ሳትፈታ ያገባች ሴት የወለደችው ልጅ ደግሞ ከአይሁድ ጋር መጋባት አይችልም፤ ይህ ስጋት ከፍርዳቸው ጎን ቀረ። በ1973 ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በዚያ ጥንታዊ ፍርድ ተመርኩዘው ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አወጁ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ሁሉ ወደ አገሩ እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እነርሱንም እንደሚመለከት ወሰነ። ከዚህ በኋላም ነው እንግዲህ ረባኑቱ ለጥንቃቄ ሲል መጥለቁን የጠየቀው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታትማ ከዚህም ያለፈ ነበር፤ በስምንተኛ ቀኑ በአባቱ ቤት የተገረዘ ጎልማሳ እንደገና ቀርቦ፣ ከተገረዘው ሥጋው አንዲት ጠብታ ደም በመርፌ ይወጣለት ነበር። ሕዝቡ አጥብቆ ስለተቃወመ ይህኛው ቀረ፤ ውሃው ግን አልቀረም።

ውሃው ለምን እንደከበደ ለመረዳት ወደ ጎንደር መመለስ ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤል ከውሃ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። መንደራቸውን ወንዝ ዳር የሚቆረቁሩት ለመንጻት ብለው ነበር፤ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ በመርገም ጎጆ ትቆያለች፣ ሲመሽ በወራጅ ውሃ ታጥባ ትመለሳለች፤ ወንድ ልጅ የወለደች 40፣ ሴት ልጅ የወለደች 80 ቀን ትቆጥራለች፣ ኦሪት ዘሌዋውያን እንዳዘዘው። ሌላ እምነት ያለው ሰው የነካው ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበርና ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። የሌላው ዓለም አይሁድ የማያውቁት ምንኩስና እንኳ ነበራቸው፤ ትውፊቱ በ15ኛው መቶ ዘመን አባ ሰብራ እንደጀመሩት ይናገራል። (የታሪክ ምሁራን አንዳንዶቹ ከዚህ ተነሥተው ሃይማኖቱ ራሱ በዚያን ዘመን የተቀረጸ ነው ይላሉ፤ ይህ የምሁራን ክርክር ነው፤ ሰው በየሰንበቱ የጠበቀውን ኪዳን ግን የማስረጃ እጥረት አይሽረውም።)

እምነታቸው ያልተፈተነ የዋህ እምነት እንዳይመስለን። በ1860 የእንግሊዝ ሚሲዮን መልእክተኛ ሄንሪ ስተርን ወደ መካከላቸው ገባ፤ ስተርን ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ ሰው መሆኑ ክርክሩን አከበደው። በ1862 መነኩሴው አባ ማኅሪ ሕዝባቸውን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ የቀይ ባሕር ውሃ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ ባሕሩን ያዩት የሉም። ከዚያ የተረፉት ሰዎች እግዚአብሔርን «ስለ ምን?» ብለው አለመጠየቃቸውን ማመን ያስቸግራል። ጥያቄው ግን በእነርሱና በአምላካቸው መካከል የነበረ ነው፤ በየዓመቱ በስግድ በዓል ከተራራ ጫፍ ላይ ኦሪቱን ተሸክመው፣ ጾመው፣ ሰግደው ያቀርቡት ነበር። በኢየሩሳሌም የገጠማቸው ጥርጣሬ ከዚህ ይለያል፤ የመጣው ከወንድም ነው፤ በቅጽ ተጽፎ፣ ፊርማ ይጠበቅበታል።

በሱዳን በኩል ተጉዘው የገቡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይህን ከማንም በላይ አጥርተው ይናገራሉ። ወንዝን ከልጅነታቸው እንደሚያውቁት፣ ውሃ ራሱ እንደማያስፈራቸው ይገልጻሉ፤ የቆጫቸው ከውሃው ማዶ ሰዎች ቆመው አይሁዳዊት ሆነሽ ትወጫለሽ ማለታቸው ነው። ዛሬ ከሆንኩ ትናንት ምን ነበርኩ ይላሉ። በሱዳኑ የኡም ራኩባ መጠለያ የቀበሯቸውን እናታቸውንስ በየትኛው ውሃ ሊያጠልቋቸው ነው ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ የሰሙ አንድ የሃይማኖት ባለሥልጣን ጉዳዩ የሕግ እንጂ የስሜት አይደለም ከማለት በቀር ስለ ሙታኑ አንድም ቃል አልመለሱም።

የሕግ ከሆነ በሕግ እንመልሰው። ሕዝብ አንድ የጋብቻ ሥርዓት ከሌለው ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ለቤተ እስራኤል ልጆችም ይጠቅማል ይባላል። ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ ልጅ ነገ ማግባት እንዳይከለከል መስጋት የፍቅርም ስጋት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ስጋቱን ለማንሣት አንዳንድ የሕጉ አዋቂዎች ያገኙት መንገድ ምን ነበር? የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች የሆኑት ቄሶች ያጋቡት ጋብቻ መጀመሪያውኑ በሕግ ዓይን ጋብቻ ስላልነበረ ፍቺው አያሳስብም የሚል። ልጆቹ ነጻ ወጡ፤ የአያቶቻቸው ሠርግ ግን ባዶ ሆነ። ከዚህ የተሻለ መንገድ በራሱ በታልሙድ ውስጥ አለ። ሙሴ ከብዙ ትውልድ በኋላ በረቢ አቂባ ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ምንም እንዳልገባው፣ ትምህርቱ በእርሱ ስም መሰጠቱን ሲሰማ ግን እንደተጽናና የሚተርክ ክፍል አለ። ረቢዎቹ ራሳቸው ኦሪት ሙሴ ወደማያውቀው ቦታ እንደተጓዘች ካመኑ፣ ሳትጓዝ የቆየችበትን ቤት ባዕድ ለማለት ምን ያበቃቸዋል? ሙሴን ማንም ወደ ውሃ አላከውም።

ሌላው ተቃውሞ ወጣቱን ከእምነት ያራቀው ከተማው፣ ትምህርት ቤቱና ወታደር ቤቱ ነው የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ በአፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ላይ የመርገም ጎጆ አይቀለስም። ነገር ግን ከሞሮኮና ከየመን የመጡት ልጆችም በዚሁ ከተማ ተናውጠዋል፤ ወደ ሃይማኖት መመለስ የፈለገው ሁሉ የሚመለስበት፣ በሕግ ፊት የታወቀ የአያት ረቢ ነበረው። የቤተ እስራኤል ልጅ ሲመለስ የሚያገኘው ቄስ ደመወዝ ተቆርጦለት በበዓል መድረክ የሚቀመጥ፣ ሥልጣኑ ግን የተወሰደበት ሰው ነው። ስለዚህ መጠራጠር የፈለገ እንኳ የሚጠራጠርበት የራሱ ነገር የለውም፤ የሌላውን መጠራጠር ብቻ ቀረው። ረቢ ሻሮን ሻሎም በ2012 ያሳተሙት «ከሲና ወደ ኢትዮጵያ» የተሰኘው መጽሐፍ ለዚህ ነው ትልቅ ሥራ የሚሆነው፤ የቄሶቹን ሥርዓትና የረቢዎቹን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የመጀመሪያውን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ሕግ ያነበዋል።

የዚህ ሁሉ ዳፋ ብዙ ነው፤ እዚህ መጥቀስ የምችለው ጥቂቱን ነው። አያቶቻቸው ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ክርስትና የተቀበሉባቸው ፈላሽ ሙራ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ሲጠብቁ፣ ከተፈቀደላቸውም በኋላ በጊዩር (ወደ አይሁድነት መግቢያ ሥርዓት) እንዲያልፉ ሲደረግ፣ የአንድ እናት ልጆች ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ሆነው ቀርተዋል። ስግድ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ቄሶቹ በጌጠኛ ጃንጥላ ሥር ቆመው በግእዝ ያነብባሉ፣ የመንግሥት ሰዎችም መጥተው ንግግር ያደርጋሉ። በ2020 የዋና ረቢዎች ምክር ቤት የረቢ ኦቫድያን ፍርድ እንደሚቀበል ተሰምቷል። ይህ መልካም ነው፤ ቢሆንም ዛሬም ቄስ ብቻውን ያጋባቸው ጥንዶች በመዝገብ እንደተጋቡ አይቆጠሩም። በ1985 በረባኑቱ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ጥያቄ ገና አልተዘጋም፤ ለመመለስ ደግሞ አዲስ ፍርድ አያስፈልግም፤ የ1973ቱን እስከ መጨረሻው መፈጸም ብቻ ይበቃል።