ወልድያ፦ ከቡድኑ ስታዲየሙ የገነነበት ክለብ

ውርጌሳ ላይ ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ሲጣራ ተሳፍሮ፣ የመርሳን ፍራፍሬ ሻጮች አልፎ ከተማው የገባ እንግዳ ስለ ኳስ ከተነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስታዲየሙን አየኸው?» ተብሎ ነው። የቡድኑ ወሬ ኋላ ይመጣል።

አይፈረድም። ወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ አሠርተውት በስማቸው የተጠራው ስታዲየም ጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ25 ሺህ በላይ ሰው በወንበር የሚያስቀምጥ ነበር። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ስታዲየም የካታንጋና የሚስማር ተራ ደጋፊ ሲሚንቶ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የዞን ከተማ ይህን ሲያገኝ ቢኮራበት ምን ይገርማል?

ክለቡ ግን መውጣትና መውረድ የለመደ ነው። በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ቢሰለፍም ዓመቱ ሲያልቅ ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ወረደ። በ2008 ከከፍተኛ ሊጉ ፋሲል ከነማ፣ ጅማ አባ ቡና፣ አዲስ አበባ ከተማና ወልድያ አብረው አደጉ፤ በቀጣዩ ዓመት ከአራቱ የተረፉት ፋሲልና ወልድያ ብቻ ናቸው። ለእኔ የወልድያ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ ሪባን ከተቆረጠበት ቀን ይበልጥብኛል።

2010 ከበደ። ጥቅምት ላይ አል-አሙዲ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ። ኅዳር 24 ከመቀለ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ወልድያ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ኳሱ የብሔር ውጥረት መውጫ በሆነበት በዚያ ዓመት ከሜዳው ይልቅ የሜዳው ዙሪያ ያስፈራ ነበር።

ደግሞም ስታዲየም አንዴ ከተሠራ ይቆማል፤ ተጫዋች ግን በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። የአገራችን የከተማ ክለቦች በአብዛኛው የሚያድሩት በከተማ አስተዳደር በጀትና በደጋፊ መዋጮ ነው፤ የትኬት ገቢ ብዙም አያራምድም። የፊርማ ገንዘብ ሲንር ቀድሞ የሚያንገዳግደው እንዲህ ያለውን ቡድን ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ወልድያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ዋንጫውን ያነሳው ጅማ አባ ጅፋር ሊጉን የተቀላቀለው ገና በዚያው ዓመት ነበር።