ብስክሌት ስንነዳ ሞባይላችን ምን ይመዘግባል?

በዚህ አምድ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም ደጋግመን ጽፈናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ብስክሌት መንዳትም ከዚሁ ይቆጠራል። ዛሬ የምናነሳው ግን ስንነዳ ኪሳችን ውስጥ ያለው ሞባይል ስለሚይዘው መረጃ ነው።

እንደ ስትራቫ ያሉ የስፖርት አፕሊኬሽኖች የሄድንበትን መንገድ፣ ሰዓቱን፣ ፍጥነቱንና የአቀበቱን ከፍታ ይመዘግባሉ። መለኪያ ያለው የእጅ ሰዓት ካሰርን የልብ ምታችንም ይጨመራል። የአንድ ቀን መዝገብ ብዙ አይናገርም። ነገር ግን አንድ ወንድማችን ንፋስ መውጫ ላይ ሱብሒን ሰግዶ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ለአንድ ወር ቢነዳ፣ ካርታው ቤቱን፣ የሚሰግድበትን መስጂድና ከቤት የሚርቅበትን ሰዓት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

«እኛ ጋ ኔትወርክ የት አለና?» የሚል አይጠፋም። ስማዳ ወይም ታች ጋይንት ገጠር ውስጥ ኔትወርክ መጥፋቱ ምዝገባውን አያቆመውም። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መንገዱን በውስጡ ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል።

«ስሜን አልጻፍኩም» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ስትራቫ የተጠቃሚዎቹን መንገዶች ያለ ስም ደምሮ በዓለም ካርታ ላይ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲመረምር፣ በአፍጋኒስታንና በሶሪያ የወታደር ሰፈሮች ቅርጽ በግልጽ እንደሚታይ አስተዋለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዙሪያው ሌላ ተጠቃሚ ስላልነበረ የሚሮጡት ወታደሮች ብቻ ብልጭ አሉ። ኩባንያው በኋላ ጥቂት ሰው ብቻ የሄደባቸውን መንገዶች ከካርታው እንዲቀሩ አድርጓል። ነገሩ ግን እኛን ይመለከታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብስክሌተኛ ከብዙዎች መካከል ይጠፋል፣ እስቴ ወይም ወገዳ ላይ ግን ስም ባይጻፍም «እገሌ ነው» ይባላል።

ጉዳዩ የስፖርት አፕሊኬሽን ብቻም አይደለም። የሶላት ወቅትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ሻጭ ይሰጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ተዘገበ፤ ኤክስ-ሞድም ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ተቋራጮች ይሸጥ ነበር። ሙስሊም ፕሮ ለጦሩ ሸጠ መባሉን አስተባብሎ ከኤክስ-ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድን ስለ አምልኮና ሕክምና ስፍራዎች የሚናገር የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ አገደው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብተን አፕሊኬሽኑ መገኛችንን «በምንጠቀምበት ጊዜ ብቻ» እንዲያይ ማድረግ እንችላለን። የሶላት ወቅት ለማወቅ የከተማን ስም መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስትራቫ ላይ ጉዞውን «ለእኔ ብቻ» ማድረግ፣ ወይም የመነሻና የመድረሻውን አካባቢ እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር መደበቅ ይቻላል። ትንሽ ከተማ ላይ ግን የተደበቀው ጫፍ በቀላሉ ስለሚገመት የመጀመሪያው ይሻላል። ሴት ልጆቻችንና ታዳጊዎች ከጅምሩ በዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው።

ለሐኪም ስናሳይም የሚያስፈልገውን ብቻ እንስጥ። ሐኪሙ የሚፈልገው የልብ ምቱን ነው፤ በየት በኩል እንደሄድን አይደለም። ስለዚህ የመዝገቡን ሊንክ ከመላክ የምቱን ገጽ ፎቶ አንስቶ ማሳየት በቂ ነው። ከፍታውንም አብሮ መንገር ይጠቅማል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ፈጥኖ ቢመታ በሽታ ነው ማለት አይደለም።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ባለቤቱ መረጃው እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብትም አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ አፕሊኬሽኑን ከስልክ ላይ ማጥፋት የተላከውን መዝገብ አያጠፋም። አስቀድሞ ቅንብር ውስጥ ገብቶ አካውንቱን ራሱን መሰረዝ ያስፈልጋል፤ መዝገቡን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግም ከመሰረዙ በፊት አውርዶ ይያዝ።