ሌዘር የሚመታው ሴራሚክ ለምን "እሾህ" ያበቅላል?

ክረምት ላይ እንጅባራ ወይ ዳንግላ ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ጠጠር ያለበትን ባዶ መሬት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጠጠር የከለለው ግን ትንሽዬ ምሰሶ ሆኖ ይቀራል። ሌዘር ቤተ ሙከራ ውስጥም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ለመስራት ታርጌት የሚባል የሴራሚክ ቁራጭ አየሩ የተመጠጠ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና በሌዘር ይመታል። አንዱ ምት የሚቆየው 20 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ ማለትም ሰከንድ ለ50 ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ! የተመታው ቦታ ተንኖ ፕላዝማ ይሆንና ፊት ለፊቱ ያለ የጋለ ሳህን ላይ ያርፋል። ዘዴው ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው ቤልኮር ተመራማሪዎች ሱፐርኮንዳክተር ሲሰሩበት ነው።

ችግሩ፣ ከሺህ ምት በኋላ ታርጌቱ የድሮው አይደለም። ገጹ ደጋግሞ እየቀለጠ ይረጋል፣ ይሰነጣጠቃል። ቶሎ የሚተነው ንጥረ ነገር ቀድሞ ስለሚሄድ የገጹ ቅንብር ይዛባል። በቀላሉ የማይተነው ክፍል ደግሞ እንደ ጠጠሩ ከስሩ ያለውን ይከልላል። ሌዘሩ በሰያፍ ስለሚመጣ ወደ እሱ ያጋደሉ ጥቃቅን ሾጣጣዎች ይበቅላሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቁስ ይቀንሳል፤ ፍንጣሪም ሽፋኑ ላይ ያርፋል።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? አዲስ አበባ የተወለዱት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ፊዩል ሴል ምርምራቸው ይታወቃሉ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሴሪየም ኦክሳይድ ሽፋን በዚሁ ዘዴ ሰርተው አጥንተዋል። በእንዲህ ያለ ጥናት ታርጌቱ ከተበላሸ፣ የምትለኩት ያሰባችሁትን ቁስ ሳይሆን ሌላ ነው። ውጤቱ ውሸት ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሄውስ?
👉 ታርጌቱን እያሽከረከሩ መምታት
👉 ሌዘሩን ቦታ ማቀያየር
👉 ሳህኑን ሸፍኖ የመጀመሪያዎቹን ምቶች በከንቱ መተኮስ
👉 ከስራ በፊት ገጹን ማለስለስ

በምን? አናጢ በሚጠቀምበት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት! ውዱ ሌዘር የሚያበላሸውን ርካሹ ወረቀት ያስተካክለዋል።

ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለሚማሩ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።