የይለፍ ቃል የማይጠይቀው ድረ ገጽ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2020 ጂሜይል፣ ጉግል ዶክስና ዩቲዩብ በመላው ዓለም ለ45 ደቂቃ ያህል ተቋረጡ። የሚገርመው፣ አካውንታቸው ውስጥ ሳይገቡ ዩቲዩብን የከፈቱ ሰዎች ቪዲዮ ያለ ችግር ያዩ ነበር። ችግሩ የተፈጠረው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በሚለየው ሥርዓት ላይ ነው። የጉግል አውቶማቲክ የኮታ መቆጣጠሪያ ለዚህ ሥርዓት የተመደበውን አቅም በስሕተት ቀንሶበት ነበር።

ይህን ያህል አገልግሎት አንድ ቦታ ላይ የሚንጠለጠለው በነጠላ መግቢያ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው አንድ ቦታ፣ መታወቂያ ሰጪው ዘንድ፣ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ሌሎቹ ድረ ገጾች ያንን ምስክርነት ተቀብለው ያስገቡታል። የይለፍ ቃሉን አያዩትም፣ አያስቀምጡትም፤ ስለዚህ ሌባ ቢሰብራቸውም የሚያገኘው የይለፍ ቃል የለም።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኦፕን አይዲ ኮኔክት ነው። ተጠቃሚው የመግቢያውን ቁልፍ ሲነካ ብሮውዘሩ ወደ መታወቂያ ሰጪው ይወስደዋል። እዚያ ከታወቀ በኋላ ዕድሜው አጭር የሆነ ኮድ ይዞ ይመለሳል። ድረ ገጹም ኮዱን ከራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ጋር በጀርባ፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ ልኮ ዲጂታል ፊርማ ያረፈበትን ምስክርነት፣ ማለትም ቶክኑን፣ ይረከባል።

ፕሮግራመሮችን መጀመሪያ የሚያማርራቸው የመመለሻው አድራሻ ነው። አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ከተመዘገበው ጋር በአንዲት ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ጭረት እንኳ ከተለየ መግቢያው አይሠራም። ጥብቅነቱ ግን ምክንያት አለው፦ አድራሻው ከላላ ኮዱን ሌባ ወደ ራሱ ገጽ ሊያስልከው ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ስሕተት መሆኑ የማይታየው ስሕተት ነው። ፊርማውን ብቻ አይቶ ቶክኑ ለማን እንደተጻፈ የማያጣራ ድረ ገጽ፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈን የቀበሌ ደብዳቤ ማኅተሙን ብቻ አይቶ እንደሚቀበል ጸሐፊ ነው። ቶክኑ እውነተኛ ነው፤ የተሰጠው ግን ለሌላ መተግበሪያ ነው። የሙከራ ተጠቃሚው ያለ ችግር ስለሚገባ ክፍተቱን ማንም ልብ አይለውም።

ተጠቃሚን በኢሜይሉ መለየትም ሌላ ወጥመድ ነው። ሠራተኛ ይለቃል፣ አድራሻው ለተተኪው ይሰጣል፤ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ፋይል ከፍቶ ያነባል። ደንቡ ለዚህ የማይለወጥ መለያ አዘጋጅቷል፤ ድረ ገጹ መመዝገብ ያለበት እሱን ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳም ከዚሁ ዓለም ነው። የሚጠቀምበት ኢሲግኔት የተባለው ሶፍትዌር የተሠራው በኦፕን አይዲ ኮኔክት ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ድርጅት የተለያየ መለያ እንዲሰጥ ተደርጎ ስለተነደፈ፣ ሁለት ድርጅቶች በዚያ መለያ ብቻ የአንድን ሰው መዝገብ ማገናኘት አይችሉም። አስተዋይ ንድፍ ነው።

መውጣቱ ግን ከመግባቱ ይከብዳል። ተጠቃሚው ከአንድ ድረ ገጽ ሲወጣ መታወቂያ ሰጪው ዘንድ ያለው መግቢያ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠ ሰው የመግቢያውን ቁልፍ ቢነካ፣ ምንም ሳይጠየቅ በቀዳሚው ተጠቃሚ ስም ሊገባ ይችላል።