የተዳከመ ማኅበር መሪ መቼ ይሻር? ከኒንቴንዶ እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

አንድ ድርጅት ሲከስር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መሪው ይውረድ ወይስ ይቆይ?» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፤ ይኸውም ከደረሰው ኪሳራ የመሪው ድርሻ የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ለመለየት በቅድሚያ የጃፓኑን የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ኒንቴንዶን ይመለከታል። ቀጥሎም ከዚያ የሚገኘው መለኪያ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ላሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያለውን ጠቀሜታ ያብራራል።

ሳቶሩ ኢዋታ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በ2006 የወጣው «ዊ» የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ተተኪው «ዊ ዩ» ግን ገበያ አጣ። በጃንዋሪ 2014 ኩባንያው የበጀት ዓመቱን የሽያጭ ግምት ከ9 ሚሊዮን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደ። ኢዋታ ደመወዛቸውን ለ5 ወራት በግማሽ ቀነሱ፤ ከሥልጣን ይልቀቁ የሚለው ክርክርም በረታ። ሆኖም በቦታቸው ቆዩ፤ በጁላይ 2015 በሥራ ላይ ሳሉ በሕመም ዐረፉ። በእርሳቸው ዘመን ዝግጅቱ የተጀመረው «ስዊች» በማርች 2017 ለገበያ ቀርቦ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከዚህ ታሪክ «የተቸገረ መሪ አይነካ» የሚል ትምህርት መውሰድ ስሕተት ነው፤ የስዊች ስኬት በ2014 ለወሳኞቹ አይታይም ነበርና። በዚያን ጊዜ ሊታይ ይችል የነበረው የተፎካካሪዎች ሁኔታ ነው። በኖቬምበር 2013 የወጣው የሶኒ «ፕሌይስቴሽን 4» ዓመቱ ሳያልቅ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። የቤት ውስጥ ጨዋታ ገዢ አልጠፋም ማለት ነው፤ የዊ ዩ ውድቀት በአብዛኛው የኩባንያው የራሱ ነበር። በእጅ በሚያዙት መሣሪያዎች በኩል ግን ዘመናዊው ስልክ ሁሉንም ጎድቶ ሳለ፣ የኒንቴንዶው መሣሪያ ከሶኒው እጅግ ተሽሎ ተሸጧል። ስለዚህ ንጽጽሩ ኢዋታን በአንዱ ዘርፍ ሲወቅስ በሌላው ይደግፋቸዋል።

የዚህ ዓይነቱ ምዘና በኢኮኖሚክስ ጽኑ መሠረት አለው። የ2016ን የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ቤንግት ሆልምስትሮም እንዳሳዩት፣ ኀላፊው ሊቆጣጠረው የማይችለው ዕድልና ጉዳት ከምዘናው መጣራት ይገባዋል፤ አንዱ ማጣሪያም ተመሳሳይ ሁኔታ የገጠማቸውን ሌሎች መመልከት ነው። አሠራሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ዲርክ ጄንተርና ፋዲ ካናን በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ዘርፉ በሙሉ ሲዳከም ኩባንያዎች መሪዎቻቸውን ይበልጥ እንደሚያሰናብቱ አመልክተዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ዋናው ምክንያት የማይደረስበት ሲሆን ወቀሳው በቅርብ ባለው ላይ ያርፋል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ልዩነት ክብደት አለው። አካባቢው ከጉና ተራራ ደጋ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች ቆላ ይዘልቃል፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። ሁለገብ ማኅበራቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያሰራጫሉ፤ እህልም ይገዛሉ። ዝናቡ አጥሮ ሰብሉ ሲጠፋ የሚገዛ ምርት አይገኝም፤ በዱቤ የተሰጠውም አይመለስም። በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚጠየቀው ግን ዝናቡ ሳይሆን የሥራ አመራር ኮሚቴው ነው።

በዚህ ጊዜ ንጽጽሩ በወረዳ ስም ሳይሆን በአየር ንብረት ቀጠና መደረግ አለበት። የስማዳን ቆላ ማኅበር ከእስቴ ደጋ ጋር ማነጻጸር ፍርድን ያዛባል፤ የታች ጋይንት ቆላ ግን ተገቢ መስተዋት ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ዝናብ ያገኙት ጎረቤቶች ሁሉ ከከሰሩ ምክንያቱን ከመሪው ውጭ መፈለግ ይገባል። እነርሱ አገግመው አንዱ ብቻ ወድቆ ከቀረ ግን ምርመራው ወደ ውስጥ ይዞራል። ማዳበሪያ ከውጭ አገር ስለሚገዛ ዋጋውም ሆነ የሚደርስበት ጊዜ የሚወሰነው ከቀበሌው ማኅበር በላይ ነው። የሚዛን ትክክለኛነት፣ የደረሰኝ አያያዝ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የዱቤ መዝገብና ጉባኤን በወቅቱ መጥራት ግን በኮሚቴው እጅ ናቸው። ለጠፋ ደረሰኝ ድርቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ የሥራ አመራር ኮሚቴውን የመምረጥና የመሻር ሥልጣንም የእርሱ ነው። አልበርት ሂርሽማን በ1970 እንዳብራሩት፣ በተዳከመ ድርጅት ቅር የተሰኘ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ድምፁን ያሰማል። የኒንቴንዶ ባለአክሲዮን አክሲዮኑን ሸጦ መውጣት ይችላል። በአቅራቢያው ሌላ የማዳበሪያ ምንጭ የሌለው ገበሬ ግን መውጫው ጠባብ ስለሆነ የሚቀረው ድምፁ ነው።

ይህ ድምፅ ያለ ማስረጃ ከተሰጠ ዋጋ ያስከፍላል። አዲሱ ኮሚቴ ያልተሰበሰበውን ዱቤና የማያውቀውን መዝገብ ይረከባል፤ ለጉዳቱ ምክንያት የነበረው አሠራርም ሳይነካ ሊቀጥል ይችላል። በሌላ በኩል ጥፋቱ የኮሚቴው ሆኖ ሳለ ሽረቱ ቢዘገይ የሚጠፋው የአባላቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርቱና የጎረቤት ማኅበራት ንጽጽር ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ለጉባኤው መቅረብ፣ ሽረት ከተወሰነም ርክክቡ በቆጠራ መፈጸም ይኖርበታል።