ሠርጉ የት ይሁን?

ሽማግሌ ተልኮ፣ ወላጅ እሺ ብሎ፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «አዳራሽ ያዛችሁ ወይ?» የሚል ነው። ሚዜው ይጠይቃል፣ አክስት ትጠይቃለች፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ይጠይቃል። እጮኛሞቹም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜያቸውን በየሆቴሉና በየአዳራሹ ሲዞሩ ያሳልፋሉ። መድረኩ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ የመኪና ማቆሚያው ይታያል። በመጨረሻ ዋጋው ይጠየቅና ሁለቱም ዝም ብለው ይወጣሉ።

እናንተ በዚህ ወቅት ላይ ያላችሁ እጮኛሞች ከሆናችሁ፣ ወይም ልጃችሁን ለመዳር የምትዘጋጁ ወላጆች ከሆናችሁ፣ አዳራሽ ለማየት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ እንድትሠሩ እመክራችኋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡና «በዚያ ቀን የግድ ሊገኝልን የሚገባው ማን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። ቦታው የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ግን አዳራሹን እናስቀድማለን፤ ከዚያም ወንበሩ 500 ስለሆነ 500 ሰው እንፈልጋለን።

ሠርግ ምስክር ይፈልጋል

ቦዔዝ ሩትን ሊያገባ በወሰነ ጊዜ የሄደው ወደ ከተማይቱ በር ነበር (ሩት 4)። በር በዚያ ዘመን አላፊ አግዳሚው የሚገናኝበት፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት ስፍራ ነው። ቦዔዝ አሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ ጉዳዩን በሕዝቡ ፊት ጨረሰ። በዚያ የተገኙትም መሰከሩለት፣ መረቁትም። ሊመሰክሩለት የሚገባቸው ሰዎች የት እንደሚገኙ አስቦ ቦታውን መረጠ።

የአገራችን ሕግም ምስክርን ያከብራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል መሠረት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ከእያንዳንዱ ተጋቢ በኩል ሁለት ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በጠቅላላው አራት ሰው ማለት ነው። በየትኛውም ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ መመዝገብ አለበት፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረትም ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ ሊደረግ ይገባል። ለአበባና ለመብራት ወራት ሙሉ ተጨንቀው ይህን ምዝገባ የሚረሱ ሙሽሮች አሉ። ያማረ አዳራሽ ጋብቻውን አያጸናውም፤ የጠበበ ሳሎንም አያሳንሰውም።

ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ ወይስ ግቢ?

የእምነት ሥርዓቱን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም ካሰባችሁ ቀኑን ለዘመድ ከመናገራችሁ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። እሑድ ጠዋት አምልኮ አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ሠርግ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የቅድመ ጋብቻ ትምህርቱ ስንት ሳምንት እንደሚወስድ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ከሌላ አጥቢያ ከሆነ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ እወቁ። ግብዣውንም እዚያው ግቢ ውስጥ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከተፈቀደ የመጓጓዣ ወጪና ድካም ይቀርላችኋል፤ ከሩቅ የመጡ አዛውንቶችም አንድ ጊዜ ተቀምጠው ሁሉንም ያያሉ።

ሥርዓቱና ግብዣው በተለያየ ቦታ ከሆነ በመካከል ያለውን ሰዓት አስቡበት። ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ብሔረ ጽጌ ወይም ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲሄዱ እንግዳው አዳራሽ ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ ከብቦ ይጠብቃል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የመጨረሻው ታክሲ የሚያመልጣቸው እንግዶች አሉ። ፎቶውን በሌላ ቀን መነሣት ወይም የፎቶውን ቦታ ለአዳራሹ ቅርብ ማድረግ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ክብር ነው።

ሆቴል ወይም አዳራሽ የምትከራዩ ከሆነ የነገሯችሁ ዋጋ የመጨረሻው መሆኑን አረጋግጡ። በብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። 100,000 ብር የተባለው ሒሳብ በዚህ መንገድ 126,500 ብር ሊደርስ ይችላል። የምግብ ትእዛዝ ከስንት ሰው በታች እንደማይቀበሉ፣ ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ኩሽናውንም ሞንታርቦውንም ይችል እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት መልቀቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አዳራሽ ትርፉን የሚያገኘው ከአልኮል ሽያጭ ስለሆነ ብርዝና ለስላሳ ብቻ የምታቀርቡ ከሆነ ይህን በግልጽ ተነጋገሩ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ ቀኑ ቢዛወር ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ሠርጋቸው የተስተጓጎለባቸው ሙሽሮች የዚህን አንቀጽ ዋጋ ያውቁታል።

ሦስተኛው ምርጫ የወላጅ ግቢ ነው። ከዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ማግኘት ይቻላል፤ ጎረቤትም ሽንኩርት ለመክተፍና እንጀራ ለመጋገር ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩም በብዙ ሳይቶች ለእርድና ለድግስ የታሰበ የጋራ ሕንፃ ስላለ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ጠይቁ። ድንኳኑ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ከወረዳው ፈቃድ ጠይቁ፤ ጎረቤትንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ወቅቱንም አትርሱ። በክረምት ድንኳን ጎርፍ ይገባበታል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታትም የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል።

ወላጆች በእምነት ሲለዩ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ወላጆቻችን ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ናቸው። ለእነርሱ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዲት እናት የልጃቸው ቃል ኪዳን ሲፈጸም ከግቢው ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። ልጅቱ ስለ ፕሮግራሙ አስቀድማ አልነገረቻቸውም ነበር፤ «ከመጡ በኋላ ይገባሉ» ብላ ነበር የተወችው። በመልሱ ቀን ግን ድግሱ በእኚህ እናት ቤት ነበርና ነጭ ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ አየናቸው። የልጃቸውን አገልጋዮች ሳይቀር በእጃቸው አጎረሱ። በቤታቸው ባለቤት ነበሩና።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። አንደኛ፣ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ልካችሁ አስረዱ። የሚዘመረውን፣ የሚጸለየውን፣ እነርሱ የት እንደሚቀመጡ ይወቁ። ሁለተኛ፣ ወደ አምልኮው ስፍራ መግባት ካልቻሉ ሳትቆጡ፣ ያለ ጭንቀት የሚመርቋችሁን ሌላ ስፍራና ሰዓት አዘጋጁ። ጠዋት ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ የምትመረቅበት ቅጽበት፣ ወይም መልሱ፣ ለዚህ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቀኑንና ማዕዱን እነርሱን አስባችሁ ምረጡ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የኦርቶዶክስ ዘመድ ሠርግ ላይ ሥጋ አይበላም። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሚበዛውም፣ አዳራሽ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ለምታደርጉት ሠርግ ከብዙ ወራት በፊት ያዙ። ለሙስሊም ዘመድም በሙስሊም የታረደ ሥጋ፣ ለብቻው በተዘጋጀ ማዕድ ይቅረብ።

ዕዳ የማያስከትል ቦታ

ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። እናንተም አስሉ። መጀመሪያ የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማሟያ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህ ገንዘብ ለሠርግ አይነካም። ሠርጉ የሚደገሰው በቀረው ነው። የቀረው ለ80 ሰው የሚበቃ ከሆነ የ80 ሰው ቦታ ፈልጉ።

«ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ፍርሃት ስንቱን እጮኛ ዓመት ከዓመት ያቆየ፣ ስንቱን አዲስ ቤት በብድር የጀመረ ነው! የዕቁብ ዕጣ አስቀድመው ወስደው፣ ከሠርጉ በኋላ ለወራት ክፍያው ላይ የሚጨቃጨቁ ባለትዳሮች በምክር ክፍላችን ብዙ ናቸው። ያን ቀን የበላው እንግዳ የሥጋውን ዓይነት ረስቶታል፤ ዕዳው ግን ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ የራሳችሁን የብድር ልክ በልጆቻችሁ ላይ አትጫኑ። «እኔን አታሳፍሩኝ» የሚል አንድ ቃል ሁለት ወጣቶችን ወደ አበዳሪ ደጃፍ ሊልክ ይችላል።

በቃና ሠርግ ወይን ጠጁ አለቀ (ዮሐንስ 2)። ኢየሱስም ተጠርቶ የተገኘው በዚያ በጎደለበት ድግስ ላይ ነበር። ማዕዱ ቢጎድል ሠርጉ አይፈርስም። ሊጠሩ የሚገባቸው ሳይጠሩ ሲቀሩ ግን ያ ጉድለት ለዓመታት ይታወሳል።

እንግዲህ ዝርዝራችሁን ጻፉ። ያሳደጋችሁን፣ የጸለየላችሁን፣ በችግር ቀን ቤታችሁ የሚመጣውን፣ ለብድራት መልሶ ሊጠራችሁ የማይችለውንም ድሀ ጎረቤት ጨምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ስም እያነበባችሁ «እኚህ ሰው እዚያ መድረስ ይችላሉ? ደረጃውን ይወጣሉ? በሰላም ይቀመጣሉ? ሳያፍሩ ይበላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእነዚህ ሰዎች የሚመቸውና ኪሳችሁ የሚችለው ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ የእናታችሁ ግቢ፣ የእናንተ የሠርግ ቦታ እርሱ ነው።

ጌታ ቃል ኪዳናችሁን ያጽና፤ ቤታችሁንም ይባርክ።