ስለ እስስት ማደሪያና ስለ ሌሊቱ ጠል

በደሴ ከተማ የሕይወት ሳይንስ አስተምር ዘንድ በተሰጠኝ ሥራ ውስጥ፣ ከመጽሐፉና ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ተማሪዎቼን ወደ ፍጥረት ምሥጢር የሚያቀርባቸው ነገር በቤተ ሙከራችን መስኮት አጠገብ የቆመው የወንፊት ሽቦ ቤት ነው፤ በዚህም ቤት ልጆች ከአጥር ላይ በበትር መትተው የጣሏት ወይም መንገድ ስታቋርጥ ከባጃጅ ጎማ ለጥቂት የተረፈች እስስት፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እየተጠየቀላት፣ እስክታገግም ድረስ ትሰነብትበታለች። ስለ አያያዟ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የምግቧን ነገር ነው። ዝንብና ፌንጣ ማግኘት ግን በአገራችን ከባድ አይደለም፤ በሰው እጅ የገባች እስስት ሰውነቷ የሚሰልለውና በመጨረሻም የምትሞተው ከረሃብ ይልቅ በምትተነፍሰው አየር ጠንቅ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ይህን ያስተዋለውም ቢሆን ወዲያው «የርጥበቱ ልክ ስንት ይሁን?» ብሎ አንድ ቍጥር እንድሰጠው ይፈልጋል፤ እኔም አንድ ቍጥር እንደሌለ፣ ያለው በመዓልትና በሌሊት መካከል የሚወጣና የሚወርድ ሥርዓት ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ስል ይህን ማስታወሻ ጻፍሁ።

የጥንት ሊቃውንት እስስትን በብዙ አድናቆት ተመልክተዋታል። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው ምዕት ዓመት በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ፣ ያለ መብልና ያለ መጠጥ በአየር ብቻ የምትኖር እንስሳ እርሷ ብቻ ናት ሲል አስፍሯል። ስለ መብሉ ስቷል፤ ስለ መጠጡ ግን ስሕተቱ ከእውነተኛ ትዝብት የተወለደ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እስስት በጣሳ ወይም በሳሕን የተቀመጠላትን የረጋ ውሃ ውሃ ብላ አታውቀውም፤ አጠገቡ ቆማ በጥም ልትሞት ትችላለች። የምታውቀው ውሃ በቅጠል ላይ የሚያበራውንና የሚንቀሳቀሰውን ጠብታ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የሆኑት ሽማግሌ፣ በልጅነታቸው በኩታበር ተራራ ከብት የጠበቁ ናቸውና፣ ተማሪዎች በሽቦው ቤት ውስጥ ውሃ የተሞላ ጣሳ ሲያስቀምጡ ባዩ ጊዜ፣ «መምህር፣ ጣሳውን ያንሡት፤ ይህች ጠል ትልሳለች እንጂ ከዕቃ አትጠጣም» አሉኝ፤ እኔም «እውነት ብለዋል አባባ፣ እስቲ ለልጆቹም ይንገሩልኝ» ብዬ የዚያን ዕለቱን ትምህርት ለእርሳቸው ለቀቅሁ። ፕሊኒን ያላነበቡት እረኛ ከፕሊኒ የተሻለ አይተው ነበር።

የእኛ ደጋ እስስት በሳይንሱ ስሟ ትራዮሴሮስ አፊኒስ ትባላለች። እስከ ጎንደር ዘልቆ አገራችንን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 በዚህ ስም አስመዘገባት፤ መኖሪያዋም በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የሚገኘው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እንቍላል ቀብራ ከመሄድ ይልቅ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ይህም በቀዝቃዛ አገር ለሚኖሩ ለብዙዎቹ ዘመዶቿ የተሰጠ ጠባይ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከ200 የሚበልጡ የእስስት ዝርያዎች እኩሌታ የሚያህሉት በማዳጋስካር የሚገኙ ስለሆነ፣ በውጭ አገር ስለ እስስት አያያዝ ከሚጻፈው የሚበዛው የማዳጋስካርን ሞቃት ዳርቻ ወይም የየመንን ተራራ እስስት የሚመለከት ነው፤ ያንን ጽሑፍ ቃል በቃል ወስዶ በደሴው የጦሳ ተራራ ግርጌ ለተወለደችው መተርጐም፣ የቆላውን ሰብል በደጋ ከመዝራት አይሻልም።

አባቶች የፍጥረትን ጠባይ ሲያስተምሩ ሙቀትንና ቅዝቃዜን፣ ርጥበትንና ድርቀትን አንዱን ከሌላው ሳይነጥሉ በአንድነት ያነሣሉ፤ የአየሩም ሳይንስ ይህንኑ ያስገድደናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዘው የሚችለው የውሃ ተን 9.4 ግራም ያህል ነው፤ በ20 ዲግሪ 17 ግራም፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በደሴ ውጭ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሆኖ በተን ቢሞላ፣ ርጥበቱ መቶ በመቶ ነው እንላለን፤ ያው አየር በመስኮት ገብቶ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀነስበት፣ 20 ዲግሪ ቢደርስ ርጥበቱ ወደ 54 በመቶ፣ 25 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። ጠልም የሚፈጠረው በዚሁ ሕግ ነው፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ሰድዶ ከአየሩ አብልጦ ሲቀዘቅዝ፣ በዙሪያው ያለው ተን መያዣ አጥቶ በቅጠሉ ገጽ ላይ ውሃ ይሆናል። ይስሐቅ ልጁን በባረከ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሰማይን ጠል መለመኑን የሚያነብ ሰው፣ ዝናም በማይጥልባቸው ወራት የዚህን ስውር ውሃ ዋጋ የሚያውቅ ሕዝብ ምርቃት መሆኑን ይረዳል።

አሁን ወደ እንስሳዋ እስትንፋስ እንመለስ። ከሳንባዋ የሚወጣው አየር በሰውነቷ ሙቀት ልክ በተን የተሞላ ነው፤ የሰውነቷም ሙቀት የአካባቢዋን ሙቀት የሚከተል እንጂ እንደ እኛ ሌሊትና ቀን አንድ ሆኖ የሚቆይ አይደለም። እንግዲህ በ10 ዲግሪና በጉም መካከል የተኛች እስስት የምታስገባውም የምታስወጣውም አየር የሚይዘው ተን እኩል ስለሆነ፣ በእስትንፋሷ የምታጣው ውሃ ከቍጥር የማይገባ ነው። ይህችኑ እስስት በ25 ዲግሪ በሞቀ ክፍል ውስጥ ያንኑ 9.4 ግራም ተን ብቻ የያዘ አየር እንድትተነፍስ ብናደርጋት ግን፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 13 ግራም ተኩል ያህል ውሃ ከገዛ አካሏ ትከፍላለች። በሌሊት ማሞቅ ማለት በሌሊት ማድረቅ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በራሳቸው እጅ ሠርተው ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ የማየውን መደነቅ በሌላ በማናቸውም ትምህርት አላየሁትም።

ርኅራኄ ያለ ዕውቀት የሚጎዳውም በዚህ ላይ ነው። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ልጅ እስስቷ ብርድ እንዳይነካት ብሎ አምፖል አብርቶባት ያድራል፤ ሌላው ደግሞ ርጥበቱ እንዳያመልጥ ብሎ ቤቷን በፕላስቲክ ይሸፍናል። የመጀመሪያው በውሃ ጥም ያደርቃታል። ሁለተኛው የሚያመጣባት መከራ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የማይንቀሳቀስ እርጥብና ሞቃት አየር ሻጋታንና ተሐዋስያንን የሚያፈላ ስለሆነ ሳንባዋ ይታመማል። ያን ጊዜ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ አፏን እየከፈተች ስትተነፍስ፣ ስትተነፍስም ደረቷ ሲንኰራኰር፣ በአፍንጫዋ አረፋ ሲወጣ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪም እንጂ ውሃ መርጨት አያድናትም። በተራራዋ ላይ ሳለች የምታድርበት ጉም ግን ነፋስ የሚነዳው፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ርጥበትና ነፋስ አብረው እንጂ ተለያይተው አልተሰጧትም፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ቤት ለእርሷ የማይስማማትም ስለዚህ ነው።

የድርቀቱን ምልክት ደግሞ እንዲህ እናየዋለን፤ ዓይኖቿ ወደ ጉድጓዳቸው ይሰረጉዳሉ፤ በጤናዋ ጊዜ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ጠጣር ሽንቷ ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል፤ የተገፈፈው ቆዳ በጣቶቿና በጅራቷ ጫፍ ደርቆ ይቀርና ደም እንዳያልፍ እያጠበቀ ያንቃል፤ እየቆየም ኵላሊቷ ይበላሻል። ዓይኗን በየማለዳው ማየት ከመሣሪያ ሁሉ ይቀድማል።

መሣሪያውም ቢሆን ሲመረመር ነው የሚታመነው። በገበያ የሚሸጡት ትናንሽ የርጥበት መለኪያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙምና፣ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርሶ፣ ጨው ሳይሟሟ እስኪተርፍ ድረስ አወፍሮ፣ ከመለኪያው ጋራ በአንድ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጎ ማሳደር ይገባል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ስለሚረጋ መለኪያው ከዚህ የራቀበትን ልክ ጽፎ መያዝ ይቻላል። በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው የአፍዴራ ጨው ለዚህ አገልግሎት ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ማናቸውም መሣሪያ አያንስም። መለኪያ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለት ቴርሞሜትሮችን አጠገብ ለአጠገብ ሰቅሎ፣ የአንደኛውን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ሸፍኖ፣ እያራገበ ካነበበ በኋላ ርጥበቱን ከሠንጠረዥ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ላይ ከባሕር ዳርቻ የመጡ ሠንጠረዦች ሊያስቱን ይችላሉ፤ ደረቁ 20 ዲግሪ፣ እርጥቡ 15 ዲግሪ ቢያሳይ፣ በባሕር ጠለል ደረጃ ርጥበቱ 59 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለችና የአየሯ ግፊት ወደ 750 ሚሊባር የሚወርድ ስለሆነ፣ እዚህ ተመሳሳዩ ንባብ 62 በመቶ ያህል ማለት ነው። ሦስት በመቶ ለእስስቷ ታላቅ ልዩነት አይደለም፤ ለተማሪው ግን የሌላ አገር ሠንጠረዥ የራሱን ተራራ እንደማያውቅለት ያስተምረዋል፤ እኔም ይህን ትምህርት እጅግ እወደዋለሁ።

ሥራው ራሱ ከዘመኑ ጋራ ይለዋወጣል። ከሰኔ 26 ጀምሮ በሚገባው ዘመነ ክረምት፣ ጉም ጦሳን በሚጋርድበት ጊዜ፣ ሌት ተቀን የምጨነቀው ስለ ነፋሱ ነው፤ ውሃ የምረጨው እንድትጠጣ ያህል ብቻ ነው፤ ቅጠሉ እስከ ቀትር ሳይደርቅ ከዋለም መርጨቱን አቆማለሁ። በዘመነ ጽጌ፣ ሰማዩ ጠርቶ ምድሪቱ በጠል ስትርስ፣ ቤቷን ወደ ሰገነቱ አውጥቶ ማሳደር ከሁሉ የሚበልጥ መልካም ነገር ነው፤ ጠባቂው ምንም ሳይደክም የሰማይ ጠል ይደርስላታልና። ድካሙ የሚመጣው ከታኅሣሥ 26 በኋላ በሐጋይ፣ የበልጉ ዝናም እስኪደርስ ድረስ ነው። ያን ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ቅጠሎቹ ላይ ፀጉር አስተካካዮች በሚይዙት ዓይነት መርጫ ደቃቅ ውሃ አደርሳለሁ፤ በቀትር በመርፌ ከተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ አንድ ጠብታ እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላም እንደገና ረጭቼ መስኮቱን ከፍቼ እሄዳለሁ። የምከተለው ልክ በቀን ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ በሌሊት ከ80 በመቶ በላይ ነው። በቤቷ ውስጥ የቆሙት በማሰሮ የተተከሉ የአጋምና የኮሽም ቀንበጦች በሥራቸው የጠጡትን በቅጠላቸው እያተነፈሱ የሥራውን ገሚስ ያቃልሉልኛል። ቅንጭብን ግን ፈጽሞ ማስገባት አይገባም፤ ወተቱ የሰውን ዓይን እንኳ የሚያጠፋ ነውና።

በኮምቦልቻ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ለእነርሱ እንደማይበቃ ሊያውቁ ይገባል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ስንወርድ አየሩ አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በ15 ዲግሪ 80 በመቶ ርጥበት የነበረው የክፍል አየርም ያንኑ ተን እንደያዘ 19 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 62 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከደሴ ደጋ የተያዘችን እስስት ለማስተማሪያ ብሎ ወደ ኮምቦልቻ መውሰድ መልካም አይደለም፤ በየጎፍ ደን ዳርና በቦርከና ወንዝ አጠገብ ባሉ አጥሮች የምትገኘው ለአገሩ አየር የተሠራች ናትና የታመመችውን እርሷን መንከባከብ ይሻላል። እስስት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥበቃ የተደረገላት ስለሆነች፣ በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳት ሀብታችንን በሕግ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ለጨዋታ ወይም ለሽያጭ እንስሳዋን ከአጥር ማንሣት ለማንም የተገባ አይደለም። ለማስታመም የተቀበላት ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የጠዋቱን ውሃ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይርጭ፤ የቀትሩን ጠብታ በሁለት ጠርሙስ ያድርግ፤ ቤቷንም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር አርቆ በዛፍ ጥላ ያኑር። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ጣቱን በቅጠሉ ላይ አሳልፎ ይመልከት፤ ቅጠሉ ደርቆ፣ በማሰሮው ያለው አፈር ግን ርጥብ ሆኖ ካገኘው፣ ለዚያ ዕለት ከዚህ ሥርዓት ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።